አዝ-ዘህራዊ፦ ጥርስ ለመንቀል ያልቸኮሉት ሐኪም

አቡል ቃሲም ኸለፍ ኢብኑ ዐባስ አዝ-ዘህራዊ (ረሒመሁላህ) በ936 እ.ኤ.አ. ገደማ በአንደሉስ፣ ከቁርጡባ አጠገብ ባለችው መዲነቱ ዘህራእ ተወለዱ። አል-አንሷሪ የሚለው መጠሪያቸው ዘራቸው ከመዲና አንሷሮች እንደሚመዘዝ ያመለክታል። ከተማቸው በ1010 አካባቢ በእርስ በርስ ጦርነት ስለወደመች ስለ ልጅነታቸውና ስለ መምህሮቻቸው የተረፈ ወሬ የለም ማለት ይቻላል። የተረፈው መጽሐፋቸው ነው።

አት-ተስሪፍ ይባላል፤ 30 ክፍሎች አሉት። የመጨረሻው ስለ ቀዶ ሕክምና ሲሆን ወደ 200 የሚጠጉ መሣሪያዎች በሥዕል ቀርበውበታል።

ስለ ጥርስ የጻፉት ጉጠት ለለመድን ሰዎች ይገርማል። ጥርስ ክቡር አካል ነው፣ ከተነቀለ ምትክ የለውም የሚል አቋም ነበራቸው። ሕመም ያታልላል፤ በሽተኛው ጤነኛውን ጥርስ ያስነቅልና ሕመሙ እዚያው ይቀራል። ችኩል ፀጉር አስተካካዮች ይህን ሲያደርጉ ስላዩ አጥብቀው አስጠንቅቀዋል። ስለዚህ ቀድመው የሚሞክሩት ማከም ነው፦ በጥርሱ ላይ ቱቦ ገጥመው የጋለ ብረት ያስገባሉ፣ ወይም በፈላ የላም ቅቤ የተነከረ ጥጥ ደጋግመው ያስነካሉ፤ ሙቀቱ እስከ ሥሩ እንዲደርስ። (ዛሬ ማንም ቤቱ እንዳይሞክረው!)

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ያልተሳካውን ሥራ የሚያስተካክሉበት መንገድ ነው። ጥርሱ ሲነቀል ሥሩ ተሰብሮ ከቀረ ወዲያው አይቆፍሩም። ቅቤ የነካው ጥጥ ለ1 ወይም ለ2 ቀን ያስቀምጡበታል፤ ቦታው ሲለሰልስ አፉ እንደ ወፍ ምንቃር በቀጠነ ጉጠት ያወጡታል።

የዛሬ ሐኪምም ሩት ካናል የተሠራለት ጥርስ መልሶ ሲያመረቅዝ ተመሳሳይ ትዕግሥት ያሻዋል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ በሥሩ ቦይ ውስጥ የቀረ ወይም ተመልሶ የገባ ባክቴሪያ ነው። የድሮውን ሙሌት አውጥቶ፣ ቦዩን አጥቦ፣ ብዙ ጊዜ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይጨምርበትና በጊዜያዊ ሙሌት ይዘጋዋል። ይህን መድኃኒት በ1920 ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኸርማን ነው። በሽተኛው ከ1 ወይም ከ2 ሳምንት በኋላ ይመለሳል። ከብቸና ወይም ከሞጣ ገጠር ወደ ትልቅ ከተማ ለሚሄድ ሰው ይህ ሌላ የመንገድ ወጪ ነው፤ ሕመሙ ስለጠፋለት ብቻ የሚቀር ግን ጊዜያዊው ሙሌት ሲረግፍ ጀርሙ ተመልሶ ይገባበታል።

አዝ-ዘህራዊ በ1013 ገደማ ወደ አኼራ ሄዱ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የክሬሞናው ጄራርድ በቶሌዶ የቀዶ ሕክምናውን ክፍል ወደ ላቲን መለሰው፤ የአውሮፓ ሐኪሞችም ለዘመናት ተማሩበት።