ማይክል ፋራደይና ቀዩ ወርቅ

ማይክል ፋራደይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1791 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከአንድ ድኻ ብረት ቀጥቃጭ ተወለደ። ከመጻሕፍት ጠራዥ ዘንድ ተቀጥሮ፥ የሚጠርዛቸውን እያነበበ ራሱን አስተማረ። በ1813 በሎንዶን ሮያል ኢንስቲትዩሽን የላቦራቶሪ ረዳት ሆነ።

በኋላም በውኃ የተሟሟ የወርቅ ጨው ከፎስፎረስ ጋር ቢያገናኝ ፈሳሹ እንደ ሩቢ ቀላ። ብርሃን ቢያሳልፍበት የጮራው መንገድ በውስጡ ታየ። ወርቁ በማይክሮስኮፕ የማይታይ ደቃቅ ብናኝ ሆኖ መንሳፈፉን ተረድቶ፥ በ1857 ለሮያል ሶሳይቲ አስረዳ። በ1867 ዐረፈ።

ዛሬ ሊቃውንት በውኃ ውስጥ ያለ ወርቅ በሌዘር እየመቱ ያንኑ ብናኝ ይሠራሉ።

ቀጥቃጭን ስንንቅ የኖርን እኛስ፥ ስንቱን ፋራደይ ከወናፍ ሥር አስቀርተን ይሆን?