ዶክተር አክሊሉ ለማና የአድዋ ቁጥሮች

እንዶድ በደጋውና በወይና ደጋው ኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ የልብስ ማጠቢያ ነው። ከደጀን እስከ ብቸናና ሞጣ ባለው የምሥራቅ ጎጃም ደጋም ሆነ በትግራይ፣ ሳሙና ብርቅ በነበረበት ዘመን ሸማ የሚነጣው ተወቅጦ በሚበጠበጠው የእንዶድ ፍሬ ነበር። ይህን የእናቶች ዕውቀት ወደ ሕዝብ ጤና ምርምር ያሸጋገሩት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

አክሊሉ በ1935 በጅጅጋ ተወለዱ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ ተምረው የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አገኙ። በ1964 ቢልሃርዚያን ለማጥናት ወደ አድዋ በሄዱ ጊዜ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ፣ ከሌላው የወንዙ ክፍል ይልቅ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ተደርገው አረፋው ቢጨመርባቸው ሞቱ። የቢልሃርዚያ ትል ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ ስላለበት፣ ይህ ቀላል ግኝት አልነበረም።

ይሁን እንጂ በዕቃ ውስጥ የታየውን በከተማ ላይ ማረጋገጥ ሌላ ሥራ ነው። በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን ያቋቋሙት አክሊሉ፣ ከ1969 እስከ 1974 ከባልደረቦቻቸው ጋር 17 ሺህ ያህል ሕዝብ በነበራት በአድዋ ወንዞቹንና ጅረቶቹን በእንዶድ እያከሙ የሕዝቡን ዓይነ ምድር በማይክሮስኮፕ አስመረመሩ። በአምስቱ ዓመታት ውስጥ በበሽታው የተያዘው ሕዝብ ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ገደማ ወረደ።

ይህን ቁጥር ብቻ የተመለከተ ሰው እንዶድ ሥራውን በግማሽ ትቶታል ሊል ይችል ነበር። ነገር ግን እንዶድ የሚገድለው ቀንድ አውጣውን እንጂ በሰው ደም ሥር ውስጥ ለዓመታት የሚኖረውን ትል አይደለም። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት የተያዘ ጎልማሳ በመጨረሻውም ቆጠራ ከሕሙማን ጋር ይቆጠራል፤ ስለዚህ ጠቅላላው ቁጥር አሮጌውን ሕመም ከአዲሱ ይደባልቃል። (መግቢያው የተዘጋ የውኃ ገንዳም ወዲያው አይጎድልም፤ መዘጋቱን ለማወቅ የሚለካው መግቢያው ነው።) የጥናቱ ቁም ነገር ያለው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ ነበር። በመጨረሻው ምርመራ የዚህ ዕድሜ ልጅ ከተያዘ የተያዘው ወንዙ በእንዶድ መታከም ከጀመረ በኋላ ነው። በእነዚህ ሕፃናት መካከል የበሽታው መጠን ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ቁጥሩ ግን ዓለምን በቶሎ አላሳመነም። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል፣ የደህንነት ምርመራ መጠየቁ አግባብ ነበር፤ አግባብ ያልነበረው በድሃ አገር ቤተ ሙከራ የተገኘው ውጤት እንዳልተገኘ መቆጠሩ ነው። ምርመራው በውጭ ቤተ ሙከራዎች እንዲደገም በመጠየቁ ብዙ ዓመታት አለፉ። አክሊሉ በ1989፣ ዓይነት 44 የተባለውን ብርቱ የእንዶድ ዝርያ በመምረጥ ከደከሙት ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር፣ በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትም አገልግለው በ1997 አረፉ።

ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በኢትዮጵያ ቢልሃርዚያን ለመከላከል በአሁኑ ጊዜ በይበልጥ የሚሠራበት ግን ለተማሪዎች በጅምላ የሚታደለው የፕራዚኳንቴል እንክብል ነው። እንክብሉ ትሉን ይገድላል፤ ቀንድ አውጣው ከወንዙ ስለማይጠፋ ልጆቹ እንደገና ይያዛሉ።