ሳይለምኑት ኃይል የተሰጣቸውን ልጆች የሣለው ሰው

ከዳሞታ ተራራ ግርጌ በወላይታ ሶዶም ሆነ በቢጠና፣ ወይም በማናቸውም የአገራችን ከተማ፣ ልጆች በቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበው የካርቱን ፊልም ሲመለከቱ ማየት የተለመደ ነገር ሆኗል። በነዚህ ፊልሞች ውስጥ ከሰው በላይ የሆነ ኃይል ያላቸው ጀግኖች ሲበሩ፣ ሲታገሉ፣ ግንብ ሲንዱ ይታያሉ። ታላላቆች ግን ነገሩን የልጆች ጨዋታ ብቻ አድርገው ያልፉታል። ይሁንና ከነዚህ ታሪኮች አንዱ፣ ኤክስ ሜን የተባለው፣ ከሌሎቹ የተለየ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያሉት ወጣቶች ኃይላቸውን ለምነው አላገኙትም፤ ተመኝተውትም አያውቁም። ኃይሉ ሲወለዱ በደማቸው ውስጥ ኖሮ፣ ለጉርምስና ሲደርሱ ሳይጠራ ይገለጥባቸዋል። ካንደኛው ዓይን ግንብ የሚያፈርስ ጨረር ስለሚወጣ፣ ቀይ መነጽሩን ካወለቀ የሚወደውን ሰው ሊጎዳ ይችላል። ሌላው በጀርባው የበቀለውን ክንፍ ከልብሱ ሥር ጠፍሮ ይደብቀዋል። አንዲቱ ልጅ ደግሞ ዕቃውን ሳትነካ በሐሳቧ ብቻ ታንቀሳቅሰዋለች። ሕዝቡ ይፈራቸዋል፤ ይጠላቸዋልም። እነሱ ግን ይህንኑ የሚጠላቸውን ሕዝብ ከአደጋ ለመጠበቅ ይደክማሉ።

ይህ ነገር ለወላይታ ሰው ፍጹም እንግዳ አይደለም። የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና በ1894 በዐፄ ምኒልክ ጦር እስኪሸነፉ ድረስ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወላይታ በራሱ ነገሥታት ይተዳደር ነበር። በዚያ ዘመንም ሆነ ከዚያ ወዲህ ጭናሻ የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች፣ እንዲሁም ብረት ቀጥቃጮችና ቆዳ ፋቂዎች፣ ከሌላው ሕዝብ ተለይተው ሲታዩ ኖረዋል። ቡናው የሚፈላበትን ጀበና፣ ውኃው የሚቀዳበትን እንስራ፣ ወጡ የሚሠራበትን ድስት የሚያቀርበው የነሱ እጅ ሆኖ ሳለ፣ ልጁን ለልጃቸው የሚድር ወይም ከነሱ ጋር በአንድ ማዕድ የሚቀመጥ ሰው እምብዛም አይገኝም ነበር። በሰሜኑም የአገራችን ክፍል ብረት ቀጥቃጩ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይሄዳል እየተባለ ሲፈራ ኖሯል። ይህ ሁሉ ኃይል ሰዎች በአፋቸው የሰጡት እንጂ እሱ የለመነው አልነበረም። እንግዲህ በኃይላቸው ምክንያት የሚገለሉ ልጆች ታሪክ ከባሕር ማዶ ሲመጣ፣ በቅርብ የምናውቀውን ነገር ያሳስበናል።

ለመሆኑ ለነዚህ ወጣቶች መልክ ሰጥቶ በወረቀት ላይ ያቆማቸው ሰው ማነው? ስሙ ጃክ ከርቢ ይባላል። የርሱም ሕይወት፣ ቀጥሎ እንደምናየው፣ ከሣላቸው ልጆች ዕጣ የራቀ አልነበረም።

ጃክ ከርቢ የተወለደው ኦገስት 28 ቀን 1917፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 22 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በኒው ዮርክ ከተማ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ጄኮብ ከርትዝበርግ ነበር። እነሱም ከኦስትሪያ የተሰደዱ አይሁድ ሲሆኑ፣ አባቱ በልብስ ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። የሚኖሩበት ሠፈር ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ድሆች ተጨናንቀው የሚኖሩበት በመሆኑ፣ ልጆቹ በየመንደራቸው ቡድን እየሆኑ በጎዳና ላይና በጣራ ላይ ይደባደቡ ነበር። ጄኮብ ቁመቱ አጭር ቢሆንም ከጠብ አይሸሽም ነበር። ከጠቡ የተረፈውን ጊዜ ግን በሥዕል ያሳልፈው ነበር። በጋዜጣ የሚወጡትን የሥዕል ታሪኮች እየተመለከተ፣ ያለ አስተማሪ እጁን አሠለጠነ። በ14 ዓመቱ ፕራት በተባለው የጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን የርሱ እጅ የሚፈጥንበትና ትምህርቱ የሚጓዝበት እርምጃ ስላልተስማሙ፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ ትቶ ወጣ።

ለእንጀራው ያገኘው ሥራ ከካርቱን ፊልም ጋር የተያያዘ ነበር። በ1930ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ፍላይሸር በተባለው የፊልም ድርጅት ተቀጥሮ፣ ጎመን ሲበላ ጉልበቱ የሚበረታውን የመርከበኛውን የፖፓይን ፊልም ከሚሠሩት መካከል አንዱ ሆነ። የካርቱን ፊልም አሠራር ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ይገባል። ለአንዲት ሴኮንድ ፊልም 24 የሥዕል ፍሬሞች ያስፈልጋሉ። ዋናው ሠዓሊ የእንቅስቃሴውን መጀመሪያና መጨረሻ ይሥላል፤ እጁ ሲነሣና ሲወርድ በመካከል ያሉትን ብዙ ሥዕሎች ግን የሚሞሉት ዝቅተኛ ተቀጣሪዎች ናቸው። ከርቢ ከነዚህ አንዱ ነበር። በረድፍ በተደረደሩት ጠረጴዛዎች መካከል ተቀምጦ ሲሠራ፣ ነገሩ ሁሉ አባቱ የደከመበትን ፋብሪካ ስለመሰለው ሥራውን ተወ። ከዚያ በኋላ ወደ ሥዕል ታሪክ መጽሔቶች ዞረ፤ በዚሁም ጊዜ ስሙን ለውጦ ጃክ ከርቢ ተባለ።

ጆ ሳይመን ከተባለው ጓደኛው ጋር በመሆን የፈጠረው ካፒቴን አሜሪካ የተባለው ጀግና በ1940 መጨረሻ ለሽያጭ ወጣ። በመጽሔቱ ሽፋን ላይ ጀግናው ሂትለርን በቡጢ ሲመታ ይታይ ነበር። በዚያ ጊዜ አሜሪካ ገና ወደ ጦርነቱ አልገባችም ነበር። በአገራችን አርበኞች በዱር በገደል አምስተኛ ዓመታቸውን ይዘው ፋሽስትን ሲዋጉ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በጃኑዋሪ 1941 በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ሊገቡ ሲዘጋጁ የነበረበት ወቅት መሆኑን ስናስታውስ፣ የዚያን ሽፋን ድፍረት እንረዳዋለን። መጽሔቱ እጅግ ብዙ ተሸጠ። ሁለቱ ወጣቶች ግን ከትርፉ ቃል የተገባልንን ድርሻ አላገኘንም ብለው ድርጅቱን ትተው ሄዱ። የእጁ ሥራ ለሌላ ሰው ሀብት ሲሆን ከርቢ ያየው ያን ጊዜ ነው፤ የመጨረሻው ግን አልነበረም።

በ1942 ሮዝ ጎልድስታይን የተባለችውን ልጃገረድ አገባ። በተከታዩ ዓመት ለውትድርና ተጠራና በኦገስት 1944 በፈረንሳይ አገር በኖርማንዲ ጠረፍ ወርዶ፣ በጄኔራል ፓተን ሥር ካለው ጦር ጋር እግረኛ ወታደር ሆኖ ዘመተ። ሥዕል ማወቁ በተሰማ ጊዜ ግን ቃፊር ሆኖ ከወገን ጦር ቀድሞ እየሄደ የጠላትን ይዞታ ሥሎ እንዲያመጣ ታዘዘ። በዚህም ምክንያት ሰው ሁሉ የሚያደንቅለት ሙያ ከሌሎቹ ይልቅ ለሞት አቀረበው። በክረምቱ ብርድ ሁለት እግሮቹ ክፉኛ ስለተጎዱ ሐኪሞች ለመቁረጥ እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። እግሮቹ ተርፈውለት በ1945 ከውትድርና ተሰናብቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ከጦርነቱ በኋላ እሱና ሳይመን በ1947 ስለ ወጣቶች ፍቅር የሚተርክ መጽሔት ጀምረው ብዙ ገበያ አገኙ። ነገር ግን በ1950ዎቹ ዓመታት የሥዕል ታሪክ የልጆችን ጠባይ ያበላሻል የሚል ክስ በአሜሪካ ተነሣ፤ በ1954 ጉዳዩ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ታየ። አታሚዎቹ ሥራቸውን የሚቆጣጠር ደንብ ቢያወጡም ብዙዎቹ ድርጅቶች ተዘጉ፤ ሠዓሊዎቹም ያለ ሥራ ቀሩ። ልጆች ያሉት ከርቢ፣ በኋላ ማርቭል በተባለው አነስተኛ ድርጅት በገጽ ሒሳብ እየተከፈለው መሥራት ጀመረ።

በዚህ ድርጅት ከአዘጋጁ ከስታን ሊ ጋር የሠራው ሥራ ነው በዓለም ያስጠራው። አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ሁለቱ ስለ ታሪኩ አሳብ በአጭሩ ይነጋገራሉ፤ ከዚያ ከርቢ ወደ ቤቱ ሄዶ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሥዕል ይዘረጋዋል፤ በመጨረሻ ስታን ሊ ለሥዕሎቹ ንግግር ይጽፍላቸዋል። ከርቢ በኒው ዮርክ አቅራቢያ በሎንግ አይላንድ በነበረው ቤቱ፣ ከምድር በታች ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ተቀምጦ እየሠራ፣ በዓመት ከ1,000 ገጽ በላይ የሣለበት ጊዜ ነበር። ፋንታስቲክ ፎር የተባለው በ1961፣ ሀልክ የተባለው በ1962 የወጡት ከዚሁ ጠረጴዛ ነው። ሀልክ በተቆጣ ጊዜ ሳይወድ ወደ ግዙፍ አውሬነት የሚለወጥ ሰው ነው። ኃይል ለባለቤቱ መከራ ሊሆን እንደሚችል ከርቢ አስቀድሞ ያሳየው በዚህ ነበር።

ኤክስ ሜን የወጣው በ1963 ነው። የመጀመሪያው እትም የሴፕቴምበር ወር ምልክት ነበረው። በራስ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ መምህር፣ በዓለም የተፈሩትን አምስት ወጣቶች በትምህርት ቤቱ ሰብስቦ፣ ኃይላቸውን ለበቀል ሳይሆን ለበጎ እንዲያውሉት ያስተምራቸዋል። ማግኔቶ የተባለው ባላጋራቸው ግን ኃይል ያለው ሁሉ ሌላውን ይግዛ ባይ ነው። ያ ዓመት የአሜሪካ ጥቁሮች ስለ መብታቸው የታገሉበት ዓመት ነበር። ከርቢ 46 ዓመት በሞላበት ዕለት፣ ኦገስት 28 ቀን 1963፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በዋሽንግተን ከተማ ለሩብ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ንግግር አድርጓል። ሰው በተፈጥሮው ምክንያት መጠላቱን የሚያነሣው የሥዕል ታሪክ የወጣው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። በ1966 ደግሞ ሁለቱ ሰዎች፣ ዋካንዳ የሚባል በባዕድ ያልተገዛ የአፍሪካ መንግሥት ያለውን ጥቁር ንጉሥ ብላክ ፓንተርን ፈጠሩ። የዓድዋ ልጅ የሆነ አንባቢ ይህን ሲያነብ የራሱን አገር ቢያስብ አያስደንቅም።

የሚያሳዝነው ግን ይህ ነው። በጊዜው በነበረው ልማድ የተሣለው ሁሉ የድርጅቱ ንብረት ነበር። መጽሔቶቹ ሲታወቁ በየጋዜጣው የሚነሣው ስም የስታን ሊ ሆነ፤ የከርቢ ስም ከኋላ ቀረ። ከሁለቱ የትኛው ምን ፈጠረ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋረጠም፤ ሆኖም ሥዕሎቹን የሣለውና የታሪኩን ጉዞ በገጹ ላይ የዘረጋው እጅ የከርቢ መሆኑን የሚክድ የለም። በ1970 ማርቭልን ትቶ ወደ ተፎካካሪው ድርጅት ሄደ፤ ለጥቂት ዓመታት ቢመለስም በ1978 ፈጽሞ ተሰናበተ። ከዚያም ወደ ወጣትነቱ ሥራ፣ ወደ ካርቱን ፊልም ዞረ። ነገር ግን በዚህ ጊዜ የሌላውን ሥዕል መካከል የሚሞላ ተቀጣሪ አልነበረም፤ ለቴሌቪዥን ፊልሞች ጀግኖችንና ጭራቆችን የሚፈጥር ባለ ሙያ ነበር እንጂ። ከመጽሔቱ ዘመን የተሻለ ደመወዝና የሕክምና ዋስትናም ያገኘው በዚህ ሥራ ነው።

በ1980ዎቹ ዓመታት ማርቭል የሠዓሊዎቹን ዋና ሥዕሎች ለባለቤቶቻቸው መመለስ ሲጀምር፣ ለከርቢ ከሌሎቹ የጠነከረ ውል እንዲፈርም አቀረበለት። እሱም እምቢ አለ። ሌሎች ሠዓሊዎችና አንባቢዎች ስለርሱ ብዙ ከተከራከሩ በኋላ በ1987 ወደ 2,000 ገጽ ያህል ተመለሰለት። ለድርጅቱ የሣለው ግን ከ10,000 ገጽ በላይ ነበር።

ኤክስ ሜን በካርቱን ፊልም ሆኖ በአሜሪካ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው ኦክቶበር 31 ቀን 1992 ነው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ብዙ ልጆች አይተውታል። ከርቢ ይህን ለማየት ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ አልቆየም። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1994፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 29 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ በካሊፎርኒያ በሚገኘው ቤቱ በ76 ዓመቱ በልብ ድካም ዐረፈ። ቤተሰቦቹ ስለ መብቱ ከድርጅቱ ጋር ለብዙ ጊዜ ሲሟገቱ ቆይተው፣ ጉዳዩ ወደ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊቀርብ በተቃረበበት በሴፕቴምበር 2014 ሁለቱ ወገኖች በስምምነት ጨረሱት። ሥራውን ከጨረሰ ከአርባ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው ስሙ ተገቢውን ሥፍራ ያገኘው።

ዛሬ በአገራችንም ጥበብ ገርልስ በተባለው የካርቱን ፊልም፣ ፍቅር፣ ፍትሕና ጥበብ የተባሉ ሦስት ልጃገረዶች ልዩ ኃይል ተሰጥቷቸው ያለ ዕድሜ ጋብቻንና ሌሎችን ጎጂ ልማዶች ሲዋጉ እናያለን። ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር ሲመለከቱ በዝምታ ማለፍ አይገባም። ወላጅ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ያ ባለ ቀይ መነጽር ልጅ ስለ ምን ተፈራ፣ ጥፋቱስ ምንድነው ብሎ ቢጠይቃቸው፣ መልሱ ወደ ሠፈራቸው ይመልሳቸዋል። ምክንያቱም በሠፈራቸው አብሮት እንዳይጫወቱ የተከለከሉት ልጅ ካለ፣ የተከለከሉት በሥራው ሳይሆን በትውልዱ ሊሆን ይችላልና።

የጃክ ከርቢ ሕይወት የሚያስተምረን፣ የተሰጠ ኃይል ብቻውን ለባለቤቱ ክብር እንደማያስገኝለት ነው። ክብሩን የሚሰጠው ወይም የሚነፍገው በሥራው የሚጠቀመው ሕዝብ ነው። ዛሬ ከርቢ የፈጠራቸው ጀግኖች በሚታዩበት ፊልም መጨረሻ ላይ ስሙ ተጽፎ ይነበባል። በሶዶ ገበያ ግን ጀበናውን የሚገዛ ሰው ዋጋውን ይጠይቃል እንጂ የሠሪዋን ስም ጠይቆ አያውቅም።