የህንዷ ተዋናይት የናርጊስ ሕይወት

የህንድ ፊልም በሲኒማ ቤቶቻችን በሚታይበት ዘመን ዓይናችንን እየጠረግን የወጣን ብዙዎች ነን። ካስለቀሱን አንዷ ናርጊስ ነች። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1929 ካልካታ ተወለደች፤ የወጣላት ስም ፋጢማ ረሺድ ነበር። ፊልም የጀመረችው ገና በሕፃንነቷ በ1935 ነው። ከራጅ ካፑር ጋር የሠራችው አዋራ (1951) እስከ ሶቪየት ኅብረት ድረስ ስሟን አስጠራ።

ትልቁ ሥራዋ ግን የ1957ቱ ማዘር ኢንዲያ ነው። ባሏ ጥሏት የጠፋ ድኻ ገበሬ ሆና፣ አራጣ አበዳሪ እየመጠጣት ልጆቿን ታሳድጋለች። በኋላ ሽፍታ የሆነው ልጇ ያበዳሪውን ልጅ በሠርጓ ቀን ጠልፎ ሲሄድ፣ የመንደሯን ክብር ብላ ራሷ ተኩሳ ትገድለዋለች። ጉዱ ምንድነው፣ ልጇን ሆኖ የሠራው ሱኒል ደት በዕድሜ የሚያንሳት በ5 ቀን ብቻ ነው! ለፊልሙ የተለኮሰው እሳት አይሎ ሲከባት ዘሎ ገብቶ ያወጣትም እሱ ነው፤ እሱ ግን ተቃጠለ። እሷም ስታስታምመው ሰነበተች። በ1958 ተጋቡ። እሷ ሙስሊም፣ እሱ ሂንዱ፤ በዚያ አገር ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

ካገባች ወዲያ ፊልሙን ተወችው ማለት ይቻላል፤ አካለ ስንኩል ሕፃናትን ትረዳ ነበር። በ1980 የፓርላማ አባል ሆነች። ሜይ 3 ቀን 1981 በ51 ዓመቷ በቆሽት ካንሰር ሞተች። የልጇ የሳንጃይ የመጀመሪያ ፊልም ሊመረቅ የቀረው ጥቂት ቀን ነበር፤ በምርቃቱ ላይ አንድ ወንበር ለሷ ተብሎ ባዶውን ተቀመጠ።

ሂንዱዎች ሬሳ የሚያቃጥሉ ናቸው። እኛ ዕድርተኞች ከፊልሙ ሁሉ የምናስበልጠው የሱኒልን ሥራ ነው፤ ሚስቱን በሃይማኖቷ ሥርዓት፣ በቦምባይ ከተማ በሙስሊሞች መቃብር አስቀበራት።