ስም የሌለው ማዘዣ

ጆን ዊልክስ እ.ኤ.አ. በ1725 ለንደን ተወልዶ በ1797 የሞተ የፓርላማ አባልና ጋዜጣ አዘጋጅ ነው። በ1763 «ኖርዝ ብሪተን» ቁጥር 45 ላይ የንጉሡን ንግግር ተቸ። መንግሥትም የማንም ስም ያልተጻፈበት የመያዣ ማዘዣ አወጣ፤ 49 ያህል ሰዎች ተለቃቅመው ታሰሩ። የዊልክስ ቤት ተበረበረ፣ ወረቀቶቹም ተወሰዱ። እሱ ግን ዝም አላለም፤ ከሰሰና 1,000 ፓውንድ ተፈረደለት። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሃክል የተባለው የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነው። ሥጋና ቢራ እየቀረበለት ስድስት ሰዓት ገደማ ብቻ ቢታሰርም 300 ፓውንድ ካሳ አገኘ። ዊልክስ ራሱ ዕዳ የበዛበት፣ ሴት አውል ሰው ነበር። ቢሆንም መብት ለጨዋ ብቻ አይሰጥም። ስም የሌለው ማዘዣ የማንንም በር ያንኳኳል፤ እኛም ነገ የእስር ዜና ስንሠራ መጀመሪያ ማዘዣው ላይ የማን ስም እንዳለ እንጠይቅ።