ቤንጃሚን ፍራንክሊንና አሥራ አንዱ መስተዋቶች

ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1706 በቦስተን ከተማ ሻማና ሳሙና ከሚሠራ አባት ተወለደ። ትምህርት ቤት የቆየው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ከታላቅ ወንድሙ የኅትመት ሥራ ተማረ፤ በ1723 ወደ ፊላዴልፊያ ሄዶ በትጋቱ የማተሚያ ቤት ባለቤት ለመሆን በቃ። በ1748 ንግዱን ለሸሪኩ ትቶ ጊዜውን ለኤሌክትሪክ ምርምር ሰጠ።

በዚያ ዘመን ኤሌክትሪክ የሚከማቸው የሌይደን ጠርሙስ በተባለው፣ የዛሬው ካፓሲተር አባት በሆነው ዕቃ ነበር። ፍራንክሊን ግን አሥራ አንድ የመስኮት መስተዋቶች ወስዶ በሁለት ፊታቸው ስስ የእርሳስ ማዕድን ለጠፈ። ሲሞላቸው የአንዱን ጀርባ ከሚቀጥለው ፊት ጋር በተከታታይ አያያዘ። ከሞሉ በኋላ ፊቶቹን ሁሉ በአንድ ሽቦ፣ ጀርባዎቹን ሁሉ በሌላ ሽቦ ጎን ለጎን አገናኝቶ ኃይላቸውን በአንድ ጊዜ ለቀቀ። ስሙንም ባትሪ አለው።

ሕጉ ይህ ነው፤ ጎን ለጎን የተያያዙ ካፓሲተሮች መጠናቸው ይደመራል፣ ቮልቱን ግን እያንዳንዱ በሙሉ ይሸከማል። በተከታታይ ሲያያዙ መጠኑ ያንሳል፣ ቮልቱን ግን ይካፈሉታል፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። 10 ማይክሮፋራድና 50 ቮልት የሆኑ ሁለት ካፓሲተሮች ጎን ለጎን 20 ማይክሮፋራድ በ50 ቮልት ይሆናሉ፤ በተከታታይ ግን ቮልቱን እኩል ከተካፈሉ 5 ማይክሮፋራድ በ100 ቮልት ይሆናሉ። ፍራንክሊን አሥራ አንዱን መስተዋት በአንዱ ድካም መሙላት እንደሚቻል አስቦ ነበር፤ ነገር ግን የማሽኑ ቮልት ለአሥራ አንድ ሲከፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጥቂት ነው። አንዱን ለማግኘት ሌላውን መክፈል ግድ ነው።

በታኅሣሥ ወር 1750 የቱርክ ዶሮ በኤሌክትሪክ ሊገድል ሲል፣ የሁለት ትልልቅ ጠርሙሶች ኃይል በራሱ አካል አልፎ ራሱን አሳተው። ነገሩ ቢያሳፍረውም፣ በዚሁ ምርምር ላይ ያለ ወዳጁ እንዲጠነቀቅ እንዲነገረው ጻፈ። በ1776 የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ከፈረሙት አንዱ ሆነ፤ በ1790 ሞተ።

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ይህን ታሪክ ያነሣነው የሳይንስ ጓደኞቻችንን ሥራቸውን ልናስተምር አይደለም። የሚፈለገው ካፓሲተር ከገበያ ሲታጣ በእጅ ያለውን አያይዞ መሥራት እንደሚቻል፣ ከመንካት በፊት ግን ማራገፍ እንደሚገባ ሁላችንም እንድናስብ ነው። መስተዋቶቹ ያው አሥራ አንድ ነበሩ፤ የተለወጠው አያያዛቸው ብቻ ነው።