በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትና የአስቸኳይ ሕግ ሥርዓት

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ. ም. በሸዋ ተወለዱ። ከዐድዋ ድል በኋላ ገና በልጅነታቸው ወደ መስኮብ አገር ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት ተማሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ጅጅጋንና ጨርጨርን አስተዳድረዋል፤ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የጻፉም እርሳቸው ናቸው። ይሁን እንጂ አስተዳዳሪና ነጋዴ ሁሉ ሊያስበው የሚገባው ታላቁ ሥራቸው፥ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ. ም. ለተፈረመው የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ረቂቁን ማዘጋጀታቸው ነው።

ዘመኑ የገንዘብ ጭንቅ የበዛበት ነበር። በ1922 ዓ. ም. ከአሜሪካ የተነሣው የንግድ ውድቀት የቡናንና የብር ማዕድንን ዋጋ በዓለም ገበያ ጣለ። የአገሪቱ መገበያያ የማርያ ትሬዛ ጥሬ ብር ስለ ነበረ፥ በመተማና በገላባት በኩል ከገዳሪፍ ዕቃ ለሚያመጣ ነጋዴ የገንዘቡ አቅም አነሰበት። መንግሥትም በ1923 ዓ. ም. በውጭ አገር ሰዎች እጅ የነበረውን የአቢሲንያ ባንክ ገዝቶ የኢትዮጵያን ባንክ አቋቋመ። እንዲህ ባለ ጊዜ ገበያው ምክር ቤት እስኪሰበሰብ አይጠብቅም፤ ሕግ ግን ያለ ምክር ሲወጣ ሕዝብን ያስጨንቃል።

ሕገ መንግሥቱ ለዚህ ችግር ያበጀው መንገድ በ9ኛው አንቀጽ ይገኛል። ምክር ቤቶቹ በማይሰበሰቡበት ጊዜ፥ ጸጥታን ለመጠበቅና የሕዝብን አደጋ ለመከላከል ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ሕግ የሚጸና ዐዋጅ ማውጣት ይችሉ ነበር። ዐዋጁ ግን ምክር ቤቶቹ መጀመሪያ በተሰበሰቡ ጊዜ መቅረብ ነበረበት፤ ካልተቀበሉትም ለወደፊቱ ይሻራል። የሚሻረው ለወደፊቱ ብቻ በመሆኑ፥ በዐዋጁ መሠረት ቀድሞ የተከፈለ ቀረጥ ወይም የተደረገ ውል አይናወጥም። ሥርዓቱ ከጃፓን ሕገ መንግሥት የተቀዳ ነው። ደግሞም 55ኛው አንቀጽ የመንግሥት ገቢ በዓመታዊ በጀት ካልሆነ በቀር እንዳይወጣ ያዛል።

እርግጥ ነው፥ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባሎች በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ፥ የሕግ መምሪያውም አባሎች በመኳንንትና በሹማምንት ይመረጡ ስለ ነበረ፥ የንጉሥን ዐዋጅ አልቀበልም ማለት እንዲህ ቀላል አልነበረም። ቢሆንም ሥርዓቱ በጽሑፍ መቀመጡ ከንቱ አልሆነም። በ1948 ዓ. ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ92ኛው አንቀጽ ያንኑ ሥርዓት አጸና፤ አስቸኳዩ ዐዋጅም ሆነ የምክር ቤቶቹ እምቢታ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ እንዲታወቅ ጨመረ።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ኢጣልያ ወረራዋን በምታሰናዳበት ጊዜ በጄኔቭ ለአገራቸው ተከራከሩ፤ በኋላም በማዳጋስካር ለብዙ ዓመታት በስደት ኖሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ሳሉ በመስከረም 1967 ዓ. ም. ፓርላማው ተዘጋ፤ እርሳቸውም በ1969 ዓ. ም. ዐረፉ። ከሥራቸው የምንማረው ይህ ነው፦ ጭንቅ ቀን ሕግን ሊያስቸኩል ይችላል፤ ያስቸኮለውን ሹም ግን ኋላ በሸንጎ ፊት ከመጠየቅ ሊያድነው አይገባም።